እንዶድና የቦይ ውሃ፦ በሳይንስ ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን ለተማሪዎቻችን እንተርካለን። ትረካው መልካም ነው፤ ጉድለቱ ግን ግኝቱን አወድሶ ቀሪውን ሥራ መተዉ ነው። የእንዶዱ ፍሬ ተፈጭቶ በምን መጠን፣ በምን ፍጥነት በሚፈስ ውሃ ላይ ይጨመር? ይህ የሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን የምሕንድስናም ጥያቄ ነው።

ለ7,000 ሄክታር መስኖ የታቀደው የቆጋ ግድብ የሚገኘው እዚሁ መራዊ አጠገብ ነው። ውሃው ዝግ የሚልበትና አረም የበቀለበት ቦይ ለቀንድ አውጣ ይመቻል፤ በባዶ እግራቸው የሚሻገሩትም ልጆች ናቸው። ስለሆነም የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎች ለጤና የሚሰጡት አገልግሎት በሆስፒታል መሣሪያ ብቻ ሊለካ አይገባም፤ ቦይ ቀያሹና የሥነ ሕይወት ምሁሩ ገና ከንድፉ ጀምሮ አብረው ሊመክሩ ይገባል። መምህሩም ትምህርቱን በተማሪው ደጅ ከሚፈሰው ውሃ ይጀምር።