ግሪምና የሰርብኛ ሰዋስው

ቩክ ካራጂች እ.ኤ.አ. በ1818 በቪየና ያሳተመው የሰርብኛ መዝገበ ቃላት ፍቺው በጀርመንኛና በላቲን ነበር። በመዝገቡ ፊት የተቀመጠውንም ሰዋስው ያዕቆብ ግሪም ወደ ጀርመንኛ መልሶ በ1824 አወጣው። የጀርመንን ልሳን ታሪክ በሰፊው የመረመረው ሊቅ፥ የሕዝቡን አነጋገር ከተከተለ መጽሐፍ ሰርብኛን ለመማር አላፈረም።

ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ ትምህርቶች በየክፍላቸው መለየታቸው ለጥልቀት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ግሪምን ለጀርመን፥ ቩክን ለሰርብ ብቻ ሰጥቶ የሚያስተምር መምህር የሁለቱንም ድካም በግማሽ ያሳያል። ከዚህም በላይ፥ እንደ መሰንቆ በደጋን በሚመታው ጉስሌ የሚዜመውን የጀግና ግጥም በጀርመንኛ ትርጉም ብቻ ያነበበ ተማሪ ታሪኩን ቢያገኝ ዜማውን ያጣል። ስለዚህ ግሪም ራሱ ያደረገውን ከተማሪው መጠየቅ የሚበዛ አይደለም።