ለካርታ ጀማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ከየት ይጀምር?

ኦፕን ስትሪት ማፕ ስለሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሲሆን፣ ማንም ሰው ተመዝግቦ መንገድ፣ ቤትና የውኃ ጉድጓድ ሊጨምርበት ይችላል። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በጎ ፈቃደኞች ካሉበት አገር ሆነው በሳተላይት ፎቶ የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች ሥለው ለዕርዳታ ሠራተኞች አድርሰዋል።

ለጀማሪ የተዘጋጁትን ትምህርቶች ለክፍላችን ይሆኑ እንደሆነ ብለን አየናቸው። አነሳሳቸው ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ የቤት ቅርጽ። ከሌላ ካርታ መቅዳት ክልክል መሆኑንም ደጋግመው ይናገራሉ።

ታዲያ ምን ጎደላቸው? ጀማሪውን ወዲያው ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው በፎቶ ላይ ቤት ያስከብባሉ። ይሄ ለንደን ተቀምጦ መፋዛን ለሚሥል ሰው ይሆናል። እዚሁ ላለ ሰው ግን ያለውን ሀብት ማስጣል ነው። ደመና የሌለበት ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የበጋ ነው። በበጋ መኪና የሚሮጥበት የጥቁር አፈር መንገድ በክረምት ጭቃ ሆኖ መኪና ይውጣል፤ ራሃድም በበጋ ይደርቅና ክረምት ከሐበሻ ደጋ በሚወርደው ውኃ ይሞላል። ይህን ፎቶ አይናገርም፤ የአገሩ ሰው ነው የሚያውቀው። ካርታው ወንዙ ወቅታዊ መሆኑን መጻፊያ ቦታ አለው፤ ጀማሪው ግን ቶሎ አይነገረውም። ደግሞ ፎቶ ያረጃል። ኡም ራኩባ በኅዳር 2020 ዳግም ከመከፈቱ በፊት የተነሣ ፎቶ የዚያን ሁሉ ሰው መጠለያ ከየት ያመጣል?

የስም ነገርም አለ። እኛ ገዳሪፍ ብለን የምንጽፋት ከተማ በዓረብኛ አጻጻፍ አልቀዳሪፍ ናት። በካርታው ዋናው የስም ቦታ ለአገሬው አጠራር ነው፤ ለአማርኛውና ለትግርኛው ለየብቻ ቦታ አላቸው። ይህን ያልተማረ ልጅ በቅን ልቡ ዓረብኛውን አጥፍቶ አማርኛ ይጽፋል፣ ሌላው መጥቶ ይመልሰዋል፣ ጠብ ይሆናል።

ከሁሉ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። እኛ ባየናቸው ትምህርቶች «ከተሳሳትክ ሰርዝ» ይባላል። ይሁን እንጂ የተሰረዘው አይጠፋም፤ የቀድሞው ጽሑፍ፣ ከጻፈው ሰው መጠሪያና ከቀኑ ጋር፣ ለማንም ይታያል። ለስደተኛ ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ? ይህ የእገሌ ቤት ነው፣ በዚህ መስመር የእገሌ ብሔር ሰዎች ይኖራሉ ብሎ መጻፍ ፈላጊ ላለው ሰው አደጋ ነው። ስልክ ይዞ የተሄደበትን መንገድ መጫንም እስከ ቤት ደጃፍ ይመራል። የመጀመሪያው ሰዓት ትምህርት ይህ መሆን ነበረበት፤ በእውነተኛ ስም አለመመዝገብም አብሮ።

በበኩላችን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እንላለን። ያለው ካርታ በወረቀት ይታተም፤ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በእግር እየዞሩ ቦኖውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ኾሩን በእርሳስ ይመዝግቡ፣ ስሙን ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። መብራት በሌለበት ቀንም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ወደ ካርታው ለማስገባት ለክፍሉ አንድ ኮምፒውተር ይበቃል።