የደቦ ጠሪና አጫጁ

የኅዳር ጤፍ ሲደርስ ገበሬው ጎረቤቱን ደቦ ይጠራል። ደመወዝ የለም፤ የሥራው መሪም የማሳው ባለቤት ራሱ ነው። የመሪና የሠራተኛ መከባበር ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይልቅ የሚታየኝ እዚህ ነው።

ጠሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ አያዝዝም፤ ማጭዱን ይዞ ከሰልፉ ይገባል። ሚስቱና ዘመዶቿ ጠላውን ቀድመው ጠምቀዋል፣ እንጀራውን ጋግረዋል (የእነሱ ድካም ግን ከማሳው ሰው እኩል ሲወደስ አልሰማሁም)። አውራጁ ዜማውን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ፈጣኑን አጫጅ በስሙ እየጠራ ያሞግሳል፤ ወደ ኋላ የቀረውን በቀልድ ይኮረኩራል። ከዚያ ተራው የባለቤቱ ነው። ድግሱ ከሞላ እጁ ይመሰገናል፤ ጠላው ከቀጠነ ግን በዚያው ዜማ ይነገረዋል። ብልህ ጠሪ አይቆጣም፤ ስቆ ሌላ ማድጋ ያስመጣል። የማደንቀው ይህንን ነው፦ ወቀሳም ስለሚፈቀድ ምስጋናው ክብደት አለው። አለቃን ማወደስ ብቻ በሚፈቀድበት ቢሮ ጭብጨባ እንጂ አድናቆት የለም። ማታ ሠራተኞቹ ባለቤቱን መርቀው ይሄዳሉ፤ እሱም ሲጠሩት ማጭዱን ይዞ ይመጣል።

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ኮምባይነር ገብቷል። ጤፍ ግን ዛሬም በአብዛኛው በማጭድ ይታጨዳል፤ ደቦም ይጠራል።