ከሁለቱ ሞት በኋላ፦ የ«ሮሚዮ እና ጁልየት» የመጨረሻ ገቢር

ጁልየት የባሏን ጩቤ ደረቷ ላይ ሰክታ ስትወድቅ ብዙ ተመልካች ተውኔቱ ያለቀ ይመስለዋል። ሼክስፒር ግን ገና አልጨረሰም። የአምስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት 310 ያህል ስንኞች ሲኖሩት፣ ጁልየት የምትሞተው 170ኛው ስንኝ ገደማ ነው። በቀሩት 140 ስንኞች ዘብ ጠባቂዎች መቃብሩን ይከባሉ፣ የቬሮናው መስፍን ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ይመጣል፣ ምስክር ይሰማል፣ ደብዳቤ ይነበባል፣ ሁለት ባላንጣ አባቶች ይጨባበጣሉ። መድረክ ላይ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፣ ወይም በጥቂት ንግግር ይታለፋል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1765 ባሳተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ስብስብ ውስጥ፣ ተመልካች አስቀድሞ ያወቀውን ነገር መልሶ ማስተረኩ እንዳሳዘነው ጽፏል። ይህ ትችት ከዚያ ወዲህ ተከታይ አጥቶ አያውቅም። እኔ ግን የገቢሩ ፍሬ ነገር ያለው እዚሁ በሚቆረጠው ክፍል ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት፣ በገቢሩ ውስጥ ማን ምን እንደሚያውቅ መከታተል ያስፈልጋል። መጋረጃው ሲገለጥ ተመልካቹ ሁሉን ያውቃል፤ መድረኩ ላይ ካሉት ግን ሙሉውን የሚያውቅ የለም። ማንቱዋ ውስጥ በግዞት ያለው ሮሚዮ መልካም ሕልም አይቶ ደስ ብሎታል። በሕልሙ እሱ ሞቶ ሳለ ሚስቱ መጥታ ትስመዋለች፣ በመሳሟም ነፍስ ዘርቶ ይነሣል። ከሕልሙ የሚፈጸመው ግማሹ ነው፤ ትመጣለች፣ ትስመዋለች፣ መነሣት ግን የለም። አሽከሩ ባልታዛር የጁልየትን ቀብር በዓይኑ አይቶ የመጣ ታማኝ መልእክተኛ ነው። ያየውን አንዳች ሳይጨምር ይናገራል፣ የተናገረው ግን እውነት አይደለም፤ ጁልየት የእንቅልፍ መድኃኒት ጠጥታ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ሮሚዮ በሚስጥር ካጋባቸው መነኩሴ፣ ከአባ ሎሬንስ፣ ደብዳቤ መጥቶለት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሲጠይቅ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ ስለ አባቱና ስለ ሚስቱ ደኅንነት ወደ መጠየቅ ያልፋል። ሁለተኛ ሲጠይቅ ባልታዛር የለም ይለዋል፣ እሱም ግድ የለም ብሎ ፈረስ እንዲከራይለት ይልከዋል።

እውነቱን የያዘው የአባ ሎሬንስ ደብዳቤ የት እንደቀረ የሚነግረን ሁለተኛው ትዕይንት 30 ስንኝ ያህል ብቻ ነው። መልእክቱን እንዲያደርስ የተላከው አባ ጆን የመንገድ ጓደኛ እንዲሆነው አንድ የማኅበሩን ወንድም ፍለጋ ይሄዳል። ያ ወንድም በሽተኛ ሲጠይቅ ያገኘዋል። የከተማዋ የጤና ተቆጣጣሪዎችም ሁለቱ መነኮሳት ቸነፈር የገባበት ቤት ውስጥ ነበሩ ብለው ጠርጥረው በሩን ያሽጉባቸዋል። አባ ጆን ራሱ መሄዱ ቀርቶ ደብዳቤውን ለላኪው የሚመልስለት ሰው እንኳ ያጣል፤ ሰው ሁሉ በሽታውን ፈርቷል። ተውኔቱ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1595 አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በፊት ከ1592 እስከ 1594 ድረስ የለንደን ቲያትር ቤቶች በቸነፈር ምክንያት ለአብዛኛው ጊዜ ተዘግተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች የታሸገ በር ምን እንደሆነ በራሳቸው ሰፈር ያዩ ናቸው። ይህን አጋጣሚ የዕድል ጨዋታ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሮሚዮም ከዋክብቱን ነው የሚገዳደረው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ደብዳቤውን ያስቀሩት ነገሮች ሁሉ የሰው ናቸው፤ በሽተኛ የመጠየቅ በጎ ሥራ፣ ሕዝብን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ፣ በፍርሃት እጁን የሰበሰበ ጎረቤት። አንዳቸውም ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ትራጄዲውን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካኝ የመድኃኒት ቀማሚው ቦታ ነው። ሮሚዮ የሚስቱን መርዶ በሰማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ቀደም ሲል መንገድ ላይ ያየውን አንድ ችግረኛ ያስታውሳል። ሱቁን ዕቃ በዕቃ ይዘረዝረዋል፦ የተንጠለጠለ ኤሊ፣ ገለባ የተሞላ የአዞ ቆዳ፣ መልካቸው የከፋ የዓሣ ቆዳዎች፣ መደርደሪያው ላይ የተበተኑ ባዶ ሣጥኖች፣ አረንጓዴ የሸክላ ማሰሮዎች፣ የሻገተ ዘር፣ ቁርጥራጭ ገመድ፣ ያረጀ የጽጌረዳ ጥፍጥፍ። ሱቁ ሙሉ እንዲመስል ነው የተደረደሩት። ሊሞት የቆረጠ ሰው ለምን ይህን ሁሉ ያስተውላል? ባለሱቁ ችግረኛ መሆኑን ማወቁ ለሮሚዮ ስለሚጠቅመው ነው። በማንቱዋ መርዝ የሸጠ በሞት ይቀጣል። 40 ዱካት ግን ለተራበ ሰው ከሕጉ በላይ ነው። ሰውየው የሚሸጠው ድህነቱ አስገድዶት እንጂ ፈቅዶ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ሮሚዮም የምከፍለው ለድህነትህ ነው ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚለው ነገር ለገቢሩ መጨረሻ ቁልፍ ነው። በዚህ ዓለም ከመርዙ የበለጠ የሚገድለው ወርቁ ስለሆነ፣ መርዝ የሸጥኩልህስ እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ ይወረውራል። ወደዚህ ወርቅ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

መቃብሩ ደጃፍ ላይ ጁልየትን ሊያገባት የነበረው ፓሪስ አበባ ይዞ ቆሟል። ሼክስፒር ዋና ምንጩ ባደረገው በአርተር ብሩክ የ1562 ረጅም ግጥም ውስጥ ፓሪስ እዚህ አይሞትም፤ ይህን ግድያ የጨመረው ሼክስፒር ራሱ ነው። የጨመረበትን ምክንያት ለመረዳት ሁለቱ ሰዎች ምን እንዳልተነጋገሩ ማየት ይበቃል። ፓሪስ፣ ሮሚዮ ሬሳ ሊያዋርድ የመጣ ጠላት መስሎታል። ሮሚዮ ደግሞ የፓሪስን ፊት እንኳ ሳያይ ነው የሚወጋው፤ ማንነቱን የሚለየው ከሞተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባልታዛር መንገድ ላይ ስለ ፓሪስና ስለ ጁልየት ጋብቻ የነገረው ነገር እንደ ሕልም ትዝ ይለዋል። ባሏ ነኝ የሚል አንዲት ቃል ይህን ሞት ታስቀረው ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ጋብቻው የተደበቀ ስለሆነ ቃሉ አይወጣም። ሮሚዮ የሟቹን የመጨረሻ ልመና አክብሮ ሬሳውን ተሸክሞ ከጁልየት አጠገብ ያኖረዋል፣ ቀደም ሲል የገደለውን የጁልየትን ዘመድ ቲባልትንም ይቅርታ ይጠይቃል። እርቅ በዚህ ተውኔት ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ የሚሆን ነገር መሆኑ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ከዚያ የጁልየትን ፊት ያያል። ከንፈሯና ጉንጯ አሁንም ደም እንዳለው፣ ሞት ገና እንዳልደረሰበት በራሱ አንደበት ይናገራል። ተመልካቹ መነሻዋ እንደደረሰ ያውቃል፤ ሮሚዮ ማስረጃውን ዓይኑ ሥር አድርጎ ፍርዱን ያጣምማል። ቀድሞ በጣሊያኖቹ በዳ ፖርቶና በባንዴሎ ትረካ ጁልየት የምትነቃው ባሏ ከመሞቱ በፊት ነው፤ ተነጋግረው ይለያያሉ። ይህን ስንብት ያስቀረው ፈረንሳዊው ቦኤስቱዎ ሲሆን፣ ብሩክና ሼክስፒር ተከተሉት። ተመልካች ግን ስንብቱን ፈለገው። ዴቪድ ጋሪክ በ1748 ለመድረክ ባዘጋጀው ቅጂ ጁልየትን ቀደም አድርጎ አነቃት፣ ሁለቱ የሚነጋገሩበትን ክፍልም ራሱ ጻፈ። የለንደን መድረክ ለመቶ ዓመት ያህል ያየው በአመዛኙ ይህን ነበር። የሼክስፒርን ቃል የመለሰችው በ1845 ራሷ ሮሚዮን ሆና የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ሻርሎት ኩሽማን ናት። የጉኖ ኦፔራ በ1867 ስንብቱን አስቀጥሏል፤ የባዝ ሉርማን የ1996 ፊልምም ጁልየትን የሚያነቃት ሮሚዮ መርዙን ሊጠጣ ሲል ነው።

ስንብቱ እንባ ያመጣል፣ አልክድም። ግን የሚያጠፋው ነገር አለ። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሮሚዮ እንደተሳሳተ አውቆ ይሞታል፤ እውቀቱ በሁለቱ መካከል ይዘጋል። በሼክስፒር ጽሑፍ ግን ሮሚዮ ምንም ሳያውቅ ይሞታል። ጁልየትም የምታነበው ባዶ ጽዋና ገና ያልቀዘቀዘ ከንፈር ብቻ ነው። እውነቱ ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ለሌሎች የሚቀር ዕዳ ይሆናል።

አባ ሎሬንስ ከጁልየት ጋር የሚያሳልፋቸው ጥቂት ስንኞች በዚህ ዓይን ሲታዩ ይከብዳሉ። ከእኛ የሚበልጥ ኃይል ሐሳባችንን አፈረሰው ካለ በኋላ ወደ ሴቶች ገዳም እንደሚያስገባት ቃል ይገባላታል፤ ድምፅ ሲሰማ ግን ፈርቶ ጥሏት ይሸሻል። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ካመጡት ጀምሮ ይህን ተውኔት የሚያውቅ አንባቢ፣ እዚህ ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን ሰብለወንጌል ማስታወሱ አይቀርም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ከፍቅረኛዋ ከበዛብህ ሞት በኋላ የምትይዘው መንገድ ምንኩስና ነው፤ ጁልየት ያው በር ተከፍቶላት አትገባበትም። የሰብለ ምንኩስና ግን ማንም ያላቀረበላት የራሷ ውሳኔ ነው። ለጁልየት ገዳሙን የሚያቀርበው የሚስጥር ጋብቻዋን የፈጸመላት፣ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ያዘጋጀላት ሰው ነው፤ ያቀረበላትም ከሁሉ ይልቅ ነገሩ ተሸፍኖ እንዲቀር ይመስለኛል። ገብታ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በሙሉ ከግንብ ጀርባ ይቀር ነበር። መሞቷ ነገሩን አደባባይ ያወጣዋል።

የቀሩት 140 ስንኞች የዚያ አደባባይ ችሎት ናቸው። መስፍኑ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ልቅሶው እንዲቆም ያዝዛል፤ ሐዘን እንኳ ለምርመራው ቦታ መልቀቅ አለበት። አባ ሎሬንስ ራሱን ከሳሽም ተከሳሽም አድርጎ ይቀርባል፣ አጭር እናገራለሁ ብሎ 40 ስንኝ ያህል ይተርካል። ጆንሰን እንዳለው ለእኛ አዲስ ነገር የለውም። ለጁልየት አባት ለካፑሌትና ለሮሚዮ አባት ለሞንታግ ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አዲስ ነው። ጁልየት አግብታ እንደነበር፣ ያለቀሰችው ለቲባልት ሳይሆን ለባሏ እንደነበር፣ ወላጆቿ እዚያው ቆመው የሚሰሙት ገና አሁን ነው። ጥሩ አዘጋጅ በዚህ ሰዓት የመድረኩን ብርሃን ከተናጋሪው ላይ አንሥቶ በወላጆቹ ፊት ላይ ቢያሳርፈው ንግግሩ ከቶ አይረዝምም። አባ ሎሬንስ ያልተናገረውም መታወቅ አለበት። ጋብቻውን ሲፈጽም የሁለቱን ቤት ጠብ ወደ ፍቅር ይለውጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ በምስክርነቱ ውስጥ ይህን አያነሣም። ተስፋው ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ ሊጠራው በማይደፍረው ዋጋ እየተፈጸመ ነው።

ቃሉን የሚያጸናለት ሮሚዮ ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ገቢሩ ሁለት ደብዳቤዎች አሉት። ማዳን ይችል የነበረው በታሸገ በር ቀርቷል፤ የደረሰው ማንንም የማያድነው ነው።

እርቁም እንደዚያው ነው። ካፑሌት የሞንታግን እጅ ለልጁ ጥሎሽ ይሁነኝ ብሎ ይጠይቃል። ሞንታግ ከዚያ የበለጠ እሰጣለሁ ብሎ የጁልየትን ሐውልት በጥሩ ወርቅ ሊያቆም ይምላል፤ ካፑሌትም የሮሚዮ ሐውልት ከእሷ እንደማያንስ ይመልሳል። ሐዘናቸውን አልጠራጠርም፤ ሞንታግ በዚያች ሌሊት ሚስቱንም በልጇ ስደት ሐዘን አጥቷል። ነገር ግን ፉክክሩ ቃላቸው ውስጥ አለ፣ የሚፎካከሩበትም ሮሚዮ ከመርዝ የባሰ ነው ብሎ ማንቱዋ ውስጥ ትቶት የመጣው ወርቅ ነው።

ፍርዱን በተመለከተ ብሩክ ግልጽ ነው። በግጥሙ መድኃኒት ቀማሚው ይሰቀላል፣ ሞግዚቷ ትሰደዳለች፣ አባ ሎሬንስ ወደ ብሕትውና ሄዶ አምስት ዓመት ኖሮ ይሞታል። የሼክስፒር መስፍን ግን አንዳንዱ እንደሚማር አንዳንዱ እንደሚቀጣ ተናግሮ ማንንም በስም አይጠራም። የቤተሰቦቹን ጠብ አይቶ እንዳላየ በማለፉ ሁለት ዘመዶቹን፣ መርኩሺዮንና ፓሪስን፣ እንዳጣ ግን ያምናል። ስለዚህ ጥፋተኛው ራሱ ፈራጁም ነው። አባ ሎሬንስን ቅዱስ ሰው መሆንህን እናውቃለን ብሎ አስቀድሞ አሳልፎታል። ባላባቶቹ ተጨባብጠዋል። በእጁ ያለው ደብዳቤ መርዙ ከአንድ ድሃ መድኃኒት ቀማሚ እንደተገዛ ይናገራል፤ መስፍኑም ይህን በሁሉም ፊት ጠቅሶታል። በገቢሩ ውስጥ የሞት ቅጣት በሕግ ተጽፎ የሚጠብቀው፣ የጽሑፍ ማስረጃም የቀረበበት ሰው መድኃኒት ቀማሚው ብቻ ነው፣ ችሎቱ ላይ ግን የለም። ትዕይንቱን ከጁልየት ሞት ላይ የሚቆርጥ አዘጋጅ ይህን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ከመድረክ ያወጣዋል።