ፕሮፔለሩ ይቅደም

በእጅ ለሚሠራ አውሮፕላን ፕሮፔለር ሲመረጥ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፤ ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር፣ የብሌዱ ጫፍ ሊደርስበት የሚችለው ፍጥነትና አውሮፕላኑ የሚበርበት ፍጥነት። አዲስ ሠሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ይነሣል። «80 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አግኝቻለሁ፤ ስንት ሜትር ፕሮፔለር ልግጠምለት?» ይላል። ጥያቄው የተለመደ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አውሮፕላኑ ምን ያህል ሰፊ ፕሮፔለር መሸከም እንደሚችልና በምን ፍጥነት እንደሚበር ነው። ዙሩ ከዚያ ይመጣል፤ ሞተሩ የሚመረጠው ዙሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደፊት የሚገፋው አየር ወደ ኋላ በመወርወር ነው። ብዙ አየር በዝግታ መወርወር፣ ጥቂት አየር በኃይል ከመወርወር ያነሰ ጉልበት ይፈጃል። በስሌት ሲታይ፣ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ 1.93 ሜትር ዲያሜትር ያለው ፕሮፔለር፣ 1.37 ሜትር ካለው ጋር እኩል ጉልበት ቢሰጠው፣ ሩብ ያህል የበለጠ ይገፋል። ያ ሩብ ነዳጅ አልጠየቀም፤ የተገኘው ከስፋቱ ብቻ ነው።

የራይት ወንድማማቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን ሞተር 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበረው፤ አውሮፕላኑ ግን ከነአብራሪው 340 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ሁለቱ ፕሮፔለሮች እያንዳንዳቸው 2.6 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖራቸው፣ በሰንሰለት አማካይነት በደቂቃ 350 ዙር ገደማ ብቻ ይዞሩ ነበር። ሞተሩ ራሱ ከ1000 ዙር በላይ ይዞራል፤ 8 ጥርስ ያለው ማርሽ 23 ጥርስ ያለውን እያዞረ ዙሩን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ያን አውሮፕላን ያስነሣው የፕሮፔለሩ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምስክር በርናርድ ፒተንፖል ነው። ይህ የሚኒሶታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 የፎርድ ሞዴል ኤ የመኪና ሞተር ኤር ካምፐር በተባለው የእንጨት አውሮፕላኑ ላይ ገጠመ። ሞተሩ ከባድ ነው፤ የሚሰጠውም 40 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነው። ጉልበቱን የሚሰጠው ግን በ2000 ዙር አካባቢ ስለሆነ፣ ምንም ማርሽ ሳያስፈልገው 1.93 ሜትር ገደማ የሆነ ፕሮፔለር በቀጥታ ያዞራል። አውሮፕላኑ ሁለት ሰው ይዞ ይነሣል። ወረቀት ላይ 60 ወይም 65 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት፣ ነገር ግን በ3600 ዙር አጭር ፕሮፔለር የሚያዞር ሞተር፣ እንዲህ ያለውን ሰፊ ክንፍ ያለው ቀርፋፋ አውሮፕላን ሲያነሣ በቁጥሩ ልክ የሚጠበቀውን ያህል ልዩነት አያሳይም።

ስፋትን የሚገድበው የጫፉ ፍጥነት ነው። ስሌቱ አጭር ነው፤ ዲያሜትሩ በ3.14 ይባዛል፣ ውጤቱም በሰከንድ ባለው ዙር ይባዛል። ሴስና 150 ላይ ያለው ፕሮፔለር 1.75 ሜትር ሆኖ በደቂቃ 2750 ሲዞር፣ ጫፉ በሰከንድ 252 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ በ15 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ይህ ከድምፅ ፍጥነት ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ወፈር ያለ ጫፍ ያለው የእንጨት ፕሮፔለር ከ260 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ከዚያ በላይ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጩኸት ይለወጣል፤ ጎረቤትም ያማርራል፣ አውሮፕላኑም አይፈጥንም።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጥበትን ዙር እንዲያገኝ ፕሮፔለሩን ያሳጥራሉ። የቮልስ ሞተር የገጠሙ ሰዎች ይህን መንገድ በጣም ይወዳሉ። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ጋር በሦስተኛ ደረጃ፣ ከዲያሜትሩ ጋር ደግሞ በአምስተኛ ደረጃ ያድጋል። ስለዚህ ከ1.37 ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ ሸክሙ በ17 በመቶ ይቀላል። ሞተሩ ወዲያው ይፈጥናል፤ ዙር ቆጣሪው ላይ የሚታየው ቁጥር ያስደስታል። ነገር ግን ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየርም ቀንሷል። ዙሩ ጨምሮ የመሬት ሩጫው የረዘመ አውሮፕላን ብዙ ነው። መቁረጥ ተገቢ የሚሆነው ጫፉ መሬት ሊነካ ሲቃረብ ወይም የጫፉ ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ ነው፤ ዙር ለማስጨመር ብሎ መቁረጥ ግን ስሕተት ነው።

ለዚህ ሐሳብ አንድ ገደብ አለ። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ለሚበር ቀጭን አውሮፕላን የስፋት ጥቅም ያንሳል፤ በሚበርበት ጊዜ አየሩ ራሱ በብዛት ወደ ፕሮፔለሩ ይመጣልና። ለእንዲህ ያለው አውሮፕላን በ3400 ዙር የሚዞር 1.37 ሜትር ፕሮፔለርና ቀጥታ የተገጠመ የቮልስ ሞተር በቂ ነው፤ ቀላልና ርካሽም ነው።

ፈጣን ሞተርን ከሰፊ ፕሮፔለር ጋር የሚያስታርቀው ማርሽ ነው። ሮታክስ 912 ዩ ኤል ኤስ 100 የፈረስ ጉልበቱን በ5800 ዙር ይሰጣል፤ ማርሹ በ2.43 ስለሚያካፍለው ፕሮፔለሩ ወደ 2390 ዙር ይወርዳል። ማርሽ ግን ክብደትና ወጪ ይጨምራል። ከሁሉ በላይ፣ ፒስተኖቹ በየምታቸው ክራንክሻፍቱን እንደሚጠመዝዙት ፕሮፔለሩም በበኩሉ መልሶ ይጠመዝዛል፤ ሁለቱ በአንድ ዙር ላይ ከተገጣጠሙ ዘንጉንም ማርሹንም ይሰብራሉ። በጋራዥ ውስጥ የተፈለሰፈ ቀበቶና ማርሽ ይህ ሳይጠና ሰው ማሳፈር የለበትም።

ፒች፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ሊራመደው የተቀረጸለት ርቀት፣ የሚወሰነው ዲያሜትሩና ዙሩ ከታወቁ በኋላ ነው። 1.12 ሜትር ፒች ያለው ፕሮፔለር በ3300 ዙር በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ተሠርቷል። አውሮፕላኑ የሚበረው በ150 ከሆነ ግን፣ እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ እንደሚወጣ መኪና ሞተሩ ይታፈናል።

የተመረጠው መጠን ልክ መሆኑ የሚታወቀው መሬት ላይ ነው። ጎማው ላይ ታኮ ይደረጋል፣ ጭራው ከጠንካራ ምሰሶ ጋር ይታሰራል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ ሙሉ ይሰጠውና ዙር ቆጣሪው ይነበባል። የሴስና 150 ሞተር ጣሪያው 2750 ቢሆንም፣ ቆሞ ሲፈተሽ ከ2460 እስከ 2560 እንዲያሳይ ይጠበቃል፤ ቀሪውን አየር ላይ ፍጥነት ሲይዝ ያገኘዋል። መሬት ላይ ሳለ ጣሪያውን የነካ ፕሮፔለር ሲበር ያልፈዋል።

የእንጨት ፕሮፔለር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተደራርቦ የተጣበቀው እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይደርቃል፤ መሐሉን የያዙት ቡሎኖችም በደረቁ ወራት ይላላሉ። በየወቅቱ በቶርክ ሬንች መፈተሽ አለባቸው። ፕሮፔለሩ ሲወርድ ከብረቱ ጋር የሚነካካው ፊት ጠቁሮ ከተገኘ፣ እየተንሸራተተ ሲቃጠል ቆይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፕሮፔለር ዳግም አይገጠምም። ፕሮፔለሩን ራሱ ለሚሠራ ሰው ደግሞ፣ ብሌዱን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት እየላጉ፣ በየተለካው ቦታ የካርቶን ቅርጽ እያስነኩ ሁለቱን ወገን እኩል ማድረግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህን በእጁ የሠራ ሰው ስለ ሞተር ጉልበት ያለው አስተያየት ይለወጣል፤ ጉልበቱ አየር ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በጣቱ ዳስሶታልና።

ከፍታ ለብቻው መታየት ያለበት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ከተሠራችው ፀሐይ ከተባለችው አውሮፕላን ጀምሮ አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስ ሞተር እስከ ሠራትና እ.ኤ.አ. በ2015 እስከ ታወቀችው ትንሽ አውሮፕላን ድረስ፣ በኢትዮጵያ ደጋ የተሠሩ ሁሉ የሳሳ አየር ገጥሟቸዋል። በ2300 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ሩብ ሊሞላ የቀረበ ጉልበት ያጣል። ዙር ቆጣሪው ግን ይህን አይናገርም። የፕሮፔለሩ ሸክም ከሞተሩ ጉልበት ጋር አብሮ ስለሚቀንስ፣ ዙሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ በመቶ ገደማ ብቻ ይወርዳል። ሠሪው ቁጥሩን አይቶ ሁሉ ደኅና ነው ይላል፤ ግፊቱ ግን ከአምስት እጅ አንዱን ያህል አጥቷል፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነትም በ12 በመቶ ጨምሯል። እዚያ የሚበር ቀርፋፋ አውሮፕላን የመሬት ርቀቱ በፈቀደ መጠን ሰፊ ፕሮፔለርና ዝቅ ያለ ፒች ያስፈልገዋል።

ተርቦ ያለው ሞተር ሲገጠም ነገሩ ይገለበጣል። ጉልበቱ ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ወለል ልክ የተሠራ ቋሚ ፕሮፔለር በዚያ ከፍታ ዙሩ በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በ5800 የተገደበ ሞተር ከ6200 በላይ ይሄዳል ማለት ነው። የጫፉም ፍጥነት በዚያው ልክ ሲጨምር፣ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በቀዝቃዛው አየር ይወርዳል። ስለዚህ እንደ ሮታክስ 914 ያለ ተርቦ ሞተር ለደጋ ሲታሰብ፣ ፒቹ በበረራ ላይ የሚለወጥ ፕሮፔለር አብሮ መታዘዝ አለበት።