ከመርሳ ቆላ እስከ አቡነ ዮሴፍ ውርጭ

ተራራ ለሚወጣ እንግዳ መንገድ መምራት ከሩቅ ለሚያየው ሰው አቅጣጫ ከማወቅና ስንቅ ከመጫን የማያልፍ ሥራ መስሎ ይታያል፤ ሙያው ያደረገው ግን የዚህ ጥበብ ዋናው እርምጃን መመጠን፣ ይኸውም ከሁሉ ደካማ የሆነውን መንገደኛ ከፊት አስቀድሞ ብርቱውን በእርሱ ልክ ማስኬድ መሆኑን ያውቃል።

በእኛ አገር ይህ ጥበብ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,600 ሜትር ገደማ፣ ማንጎና ፓፓያ በመኪናው መንገድ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል፤ ከዚያ ተነሥቶ በወልድያ በኩል፣ ቻይኖች በሠሩት በወረታው መንገድ፣ ድልብን አልፎ ወደ ደጋው የወጣ እንግዳ በዚያው ዕለት ማታ ጋቢ ይለምናል። ቀጥሎም በእግሩ 4,260 ሜትር ከፍታ እስካለው እስከ አቡነ ዮሴፍ ራስ ቢዘልቅ፣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በመርሳና በተራራው ራስ መካከል የ17 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያገኛል፤ የአየሩም ግፊት 4,000 ሜትር ላይ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 60 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱን ያመመውንና ያቅለሸለሸውን ሰው «አይዞህ፣ ደርሰናል» እያሉ ሽቅብ መጎተት በደል ነው፤ መድኃኒቱ ማውረድ ነው። ይህን ሕግ አጥብቀው የሚቃወሙት ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይሆኑ በጉልበታቸው የሚተማመኑት ጎረምሶች ናቸው።

ከተራራው ሀብት ሁሉ እኔ አስቀድሜ የማሳየው ውርጩን ነው። በነግህ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጅብራ ከሚባለው ተክል ሥር ጎንበስ ብሎ ያስተዋለ ሰው፣ ከጣት አንጓ የማይረዝሙ ቀጫጭን የበረዶ ዘንጎች ስስ የአፈር ሽፋን በራሳቸው ተሸክመው ቆመው ያያል፤ ሲረግጣቸው ይንኮሻኮሻሉ፤ ፀሐይ ስታገኛቸው ይሟሟሉ፣ የተሸከሙትም አፈር ከነበረበት ጥቂት ወደ ቁልቁለቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። እንዲህ እያለ ተራራው ያለ በሬ ይታረሳል።

ዛሬ በኢትዮጵያ ከዓመት ዓመት የሚኖር የበረዶ ግግር የለም፤ በዘመነ በረድ ግን በባሌ ሰኔቲ ላይ፣ በሰሜን ተራሮችም ላይ ነበረ፤ በዚሁ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች መካከል በሊብ አምባም ግግሩ እየገፋ የከመረውን ድንጋይ የሥነ ምድር ሊቃውንት መርምረው ለይተዋል። ግግሩ ዛሬም ባለበት በአላስካ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በኪናይ ፊዮርድስ፣ ሃርዲንግ ከተባለው የበረዶ ሜዳ ወደ 40 የሚጠጉ ግግሮች ሲወርዱ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እስከ ባሕር ይደርሳሉ፤ ኤግዚት ወደ ተባለው ግግር በሚወስደው መንገድ ዳርም በረዶው በየዘመኑ የት ድረስ እንደነበረ የሚያመለክቱ፣ ዓመታቸው የተጻፈባቸው ምልክቶች ቆመዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ መሪው ዝም ቢል እንኳ እንግዳው አንብቦ ይረዳል።

በእኛ ተራራ ምልክት የለም፤ የሚሸሸውም በረዶ ሳይሆን አስታ የተባለው ቁጥቋጦና የጓሳው ሣር ነው። የገብስ እርሻ ሽቅብ በወጣ ቁጥር የአስታው ዳርቻ ወደ ላይ ይሸሻል፤ በቁጥር ጥቂት የሆነው ቀይ ቀበሮም አይጥ የሚያድንበት መስክ ይጠብበታል። አንድ ጊዜ ከእርሻው ራስ ተቀምጠው ያገኘኋቸውን አዛውንት «አባቴ፣ አስታው ድሮ ከየት ይጀምር ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ በከዘራቸው ከእኛ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ እያመለከቱ «ልጄ፣ እኔ ከብት ስጠብቅ ከዚያ በላይ አራሽ አልነበረም፤ በልግ ሲከዳን ጊዜ ነው የወጣን» አሉኝ። እኔም ገበሬውን ለመውቀስ አንደበት የለኝም፤ በልግ የቀረበት የወሎ ደገኛ ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁና። ቀበሮውን ፎቶ አንሥቶ ለመሄድ ብቻ የሚቸኩለው እንግዳ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቸኛል።

ስለዚህ ቁልቁል ስንመለስ አቋራጩን ትቼ እንግዶቼን በገብሱና በአስታው ወሰን እወስዳቸዋለሁ፤ ከመጨረሻው ትልም ላይ አስቁሜም ሽማግሌው ያመለከቱኝን ዛፍ አሳያቸዋለሁ። መንገዱ ይረዝማል፣ ጉልበትም ይበላል፤ ሁልጊዜም የሚያጉረመርም አይጠፋም።