የጉግስ ፈረስና የምስል ቆረጣ

በአዊ ምድር የሚቀረጹ የዘፈን ክሊፖች ሲመዘኑ ቅንብራቸው የሚወደሰው ብዙውን ጊዜ በፍጥነቱ ነው፤ ምስሉ ቶሎ ቶሎ መለዋወጡ፣ ድሮኑ ከሰማይ ተወርውሮ መውረዱ፣ በምስልና በምስል መካከል ብርሃን መፈንጠቁ የጥበብ ማኅተም ተደርጎ ይቈጠራል። ይህ ውዳሴ ያለ ቦታው የዋለ ነው እላለሁ፤ ምስክሬም ጉግስ ነው።

ለዓድዋ ዘማቾችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ ያ በቀለም ያሸበረቀ የፈረስ ሠራዊት የክሊፕ ሠሪውን ዓይን መማረኩ አያስደንቅም። ጉግስ ግን ከቀለም በፊት ሥርዓት ነው፦ አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር፣ ተሳዳጁ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ የጨዋታውም ምሥጢር በሁለቱ መካከል እየጠበበች እየሰፋች በምትሄደው ርቀት ውስጥ ተሰውሯል። አቀናባሪው፣ ከሜዳው ወዲህና ወዲያ ሆነው የተነሡትን ምስሎች በከበሮው ምት ብቻ እየቈረጠ ሲያጋጥማቸው፣ አሳዳጁ ወደ ቀኝ ተሳዳጁ ወደ ግራ ይጋልባሉና፣ የሚሸሸው ሰው ሊገጥም የሚመጣ ይመስላል፤ ርቀቲቱም ትጠፋለች፤ የቀረውም የፈረስና የልብስ ትርኢት ብቻ ነው።

ፈረስ ደግሞ የራሱ ምት አለው። ፎቶ አንሺው ሙይብሪጅ በ1878 እ.ኤ.አ. ካሊፎርንያ ውስጥ በተርታ ባቆማቸው ካሜራዎች እንዳረጋገጠው፣ ጋላቢ ፈረስ አራቱንም እግሮቹን ከሆዱ በታች ሰብስቦ ለቅጽበት ከምድር ይለቃል፤ ከአራት የኮቴ ድምፆች በኋላ የምትመጣው ያች ጸጥታ ለቆረጣ የተዘጋጀች ደጃፍ ናት። ስሎው ሞሽን ይህን ምት ያፈርሰዋል፤ የዘፈኑ ምት እየቸኰለ የፈረሱ አካል ይንሳፈፋል፣ ጆሮና ዓይንም ይለያያሉ። በአዝማቹ ሁሉ ላይ ሲደጋገም እንደ ስንፍና እቈጥረዋለሁ።

የሽግግርን ሥርዓት ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻም። የያሬድ ዜማ በቁም ተጀምሮ፣ በመቋሚያ ወደ ዝማሜ፣ በከበሮና በጸናጽል ወደ መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋትና ወደ ወረብ ሲሸጋገር ያው ቃል በእርጋታ ተጸንሶ በፍጥነት ይወለዳልና፣ ሰሚው ፍጥነቱን እንደ በረከት ይቀበለዋል። የእኛ ክሊፖች ግን ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ከጽፋት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ የሚወጡበት ከፍታ አይቀርላቸውም።

በክሊፖቹ የሚታየውን የትከሻ ውዝዋዜ በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃኛል፦ አሜሪካዊው ተወዛዋዥ ፍሬድ አስቴር ሙሉ አካሉ በአንድ ምስል እንዲታይና ቆረጣው ጥቂት እንዲሆን አጥብቆ ይሻ ነበር፤ የእስክስታችን ንዝረትም ከአንገትና ከደረት ተነጥሎ ሲታይ ምንጩ ይሰወራል።

ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ፣ ገንዘብ አጥሯቸው ባንድ ካሜራ በሠሩ ወጣቶች እጅ፣ ፈረሰኛው ከሜዳው ዳር ተነሥቶ ሳይቈረጥ እስከ መጨረሻው ሲጋልብ፣ ዘፋኙም ከስንኙ ፍጻሜ ጋር ሲመጣ አይቻለሁ፤ ይህ በእኔ ሚዛን ከብርሃን ብልጭታ ሁሉ የላቀ ጥበብ ነው። የእንጅባራና የዳንግላ አቀናባሪዎች ሆይ፣ በመጪው ጥር ከሜዳው አንድ ወገን ብቻ ቁሙ፤ አሳዳጁንና ተሳዳጁን በአንድ ምስል ያዙ፤ ዘንጉ ጋሻውን እስኪመታም ድረስ አትቍረጡ።